ፀሐይ ሞልቶ፣ የሽንት ስትሪፕ ጠፍቶ

በሐይቅ ወይም በውጫሌ ለሚኖር ሰው «ቫይታሚን ዲ አንሶሃል» ቢሉት መጀመሪያ የሚመጣለት ሳቅ ነው። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ጀርባው ላይ ናት። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ በቆዳ ላይ ቫይታሚን ዲ የሚያሠራው ጨረር ይበረታል እንጂ አይደክምም። አገሪቱ ለቱሪስት ራሷን ስታስተዋውቅ ለረጅም ጊዜ «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» ትል የነበረውም ያለ ነገር አልነበረም።

ሳቁ ግን ብዙ አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያና የኖርዌይ ሐኪሞች አብረው ባሳተሙት ጥናት የአዲስ አበባ ሰዎች የቫይታሚን ዲ መጠን ከኖርዌጂያውያኑ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ልብ በሉ፣ ኖርዌይ ክረምት ላይ ፀሐይ ለወራት የምትናፈቅባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከከተማዎቹ ተማሪዎች 61.8 በመቶው፣ ከገጠሮቹ 21.2 በመቶው እጥረት እንዳለባቸው አሳየ። ሰማዩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከአኗኗር ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በአዲስ አበባ የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ ጥናት የሳንባ ምች የያዛቸው ሕፃናት ላይ ሪኬትስ ካልታመሙት ከአሥር እጥፍ በላይ በዝቶ አግኝቶታል። ሪኬትስ ማለት በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የሕፃን አጥንት ሲለሰልስ ነው። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ይልቅ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ነጠላውን ወይም ሒጃቡን ይለብሳል፣ ልጁን ከብርድና ከዓይን ለመሸሸግ ይጠቀልላል። ምግቡም ብዙ አይክስም። የሐይቅ ዓሣና የጓሮ ዕንቁላል ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፤ ግን በወሎ ገበታ ላይ በየቀኑ የሚቀርቡ አይደሉም።

እንግዲህ እጥረቱ አለ። ክርክሩ የሚጀምረው እጥረቱ ከኤችአይቪና ከኩላሊት ጋር ሲያያዝ ነው።

በተለያዩ አገሮች ከቫይረሱ ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቫይታሚን ዲ ዝቅ ያለባቸው ብዙ መሆናቸውን፣ ከእነርሱም ውስጥ የኩላሊታቸው ሥራ የተዳከመ ሰዎች መኖራቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። ከኮቪድ ወዲህ ቫይታሚን ዲ የሁሉ በሽታ መድኃኒት ተደርጎ ሲወራ ስለከረመ፣ ከእነዚህ ጥናቶች አንድ አቋራጭ መደምደሚያ ማውጣት ቀላል ሆነ፦ እንክብሉን ዋጡ፣ ኩላሊታችሁ ይድናል። መደምደሚያው ስህተት ነው። ጉዳቱም የሰውን ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፤ ዓይንን ከዋናው ነገር ላይ ያነሳል። ለሐይቅና ለአምባሰል ታካሚ ዋናው ነገር መድኃኒቱን ሊወስድ በሚሄድበት ክሊኒክ ኩላሊቱን የሚያይለት ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት የኩላሊትን ሥራ በአዝመራ መመሰል ይቻላል። ኩላሊት መጀመሪያ ደሙን በወንፊት ያጠላል። በወንፊቱ የሚያልፈው ውሃ ግን ቆሻሻ ብቻ አይይዝም፤ ስኳር፣ ፎስፌት፣ ትናንሽ ፕሮቲኖች አብረው ያልፋሉ። እነዚህ ሽንት ሆነው እንዳይፈሱ ከወንፊቱ ቀጥሎ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች እንደ ቃራሚ እየለቀሙ ወደ ደም ይመልሷቸዋል። ቫይታሚን ዲ የሚጓዝበት ፕሮቲንም የሚለቀመው እዚሁ ነው። ቫይታሚኑ ወደ መጨረሻው፣ ሥራ ወደሚሠራበት ቅርጹ የሚለወጠውም በዋናነት በእነዚሁ ቱቦዎች ውስጥ ነው።

ቴኖፎቪር የሚባለው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጉዳት ሲያደርስ የሚጎዳው ቃራሚውን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው አዋቂ ታካሚ አሁን በቀን አንዴ የሚውጠው እንክብል ሦስት መድኃኒት በአንድ የያዘ ነው፦ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። ጥሩ መድኃኒት ነው። ቫይረሱን በፍጥነት ያወርዳል፣ ለመውሰድ ይቀላል፣ አብዛኛው ሰው ላይም ኩላሊቱን ሳይነካ ለዓመታት ይሠራል። ጥቂቶች ላይ ግን ቱቦዎቹን ቀስ ብሎ ያዳክማል። ያን ጊዜ ፎስፌት በሽንት ይፈሳል፣ አጥንት ይለሰልሳል፣ ጡንቻ ይዝላል።

አንዲት የአምባሰል እናት አሉ እንበል። ዕድሜያቸው 50 አልፏል፤ መድኃኒቱን ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ድሮ ለመስከረም 21 የግሸንን ዳገት ከወጣቶቹ ጋር ይወጡት ነበር። ዘንድሮ ከመቀመጫ ለመነሳት እንኳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ይደግፋሉ። ዳሌያቸውን ያማቸዋል፣ የጎን አጥንታቸውን ሲነኩት ይቆረቁራቸዋል። ጎረቤት «ዕድሜ ነው» ይላል። ልጃቸው «ብርድ ነው» ይላል። እርሳቸው ገበያ ሲወጡ መድኃኒት ቤት ጎራ ይሉና ዲክሎ ገዝተው ይመለሳሉ። ሕመሙ ሁለት ቀን ያርፋል፤ ሲመለስ እንደገና ዲክሎ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ብቻቸውንም ቢሆን ሰው ውሃ ሲያጥረው፣ ተቅማጥ ሲይዘው ወይም ቆላ ሲውል ኩላሊትን ሊያቆስሉ ይችላሉ። በቴኖፎቪር የሳሳ ኩላሊት ላይ ሲጨመሩ አደጋው ይብሳል። ሴትየዋ ኩላሊታቸው ያመጣውን የአጥንት ሕመም ኩላሊታቸውን በሚጎዳ መድኃኒት እያስታገሱ ነው ማለት ነው። ይህን ክብ የሚሰብረው አንድ ጥያቄ ነው፦ «እናቴ፣ ከዚህ ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ጥያቄው ሪኤጀንት አያስፈልገውም፣ ማሽንም አያስፈልገውም።

የእኚህን እናት ቫይታሚን ዲ ቢለኩት ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ታዲያ ቫይታሚኑ አንሶ ነው ኩላሊቱ የታመመው፣ ወይስ ኩላሊቱ ታሞ ነው ቫይታሚኑ ያነሰው? ሁለቱን በአንድ ቀን ለክቶ «አብረው ተገኙ» የሚል ጥናት ይህን አይመልስም። ቃራሚው የታመመ ኩላሊት ቫይታሚኑን በሽንት ሊያፈስ ይችላል። ታሞ የተኛ ሰው ፀሐይ አይወጣም። የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ሰው ዕንቁላል አይበላም። ሌላም አለ፦ ከዶሉቴግራቪር በፊት ብዙ ኢትዮጵያዊ ለዓመታት የዋጠው ኤፋቪሬንዝ ጉበት ቫይታሚን ዲን ቶሎ ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርጋል፤ የቲቢው ሪፋምፒሲንም እንዲሁ። በዚያ ዘመን የተለካ ቁጥር የሰውየውን ፀሐይና ምግብ ብቻ ሳይሆን የያኔውን ክኒንም ይናገራል።

እንክብሉ ይረዳ እንደሆነ ደግሞ ተሞክሯል፤ ያውም በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ። በዳሬሰላም 4,000 ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ፣ ሕክምና የሚጀምሩና ቫይታሚን ዲ ያነሳቸው አዋቂዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ከፍ ያለ መጠን ቫይታሚን ዲ፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ተሰጣቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ቫይታሚኑ ሞትንም የሳንባ ቲቢንም አልቀነሰም። ኩላሊትን በተመለከተ በአሜሪካ 1,312 ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ሰዎች ለአምስት ዓመት ተከታትለው ነበር፤ ቫይታሚን ዲ የወሰዱት ኩላሊት ካልወሰዱት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ይህ ጥናት በኤችአይቪ ታካሚዎች ላይ የተደረገ አይደለም፤ ቢሆንም «ዋጡና ይድናል» ለሚለው ወሬ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

እርግጥ አጥንቱ በእውነት የለሰለሰ፣ እጥረቱ በምርመራ የተረጋገጠ ሰው ቫይታሚን ዲ ሐኪም አዞለት ሊወስድ ይገባል፤ ያ ሕክምና ነው። ከመድኃኒት ቤት በራስ ትእዛዝ ከፍተኛውን መጠን ገዝቶ ወር ከወር መዋጥ ግን በደም ውስጥ ካልሲየም ሊያበዛ፣ ጠጠር ሊያመጣ፣ ያንኑ ሊድን የተፈለገውን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። በቫይታሚን ስም የሚሸጥ ነገር ሁሉ ጉዳት የለውም የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ያስቸግራል።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር የኢትዮጵያ ጉዳይ ከሌላው አፍሪካ የሚለይበት መሆኑ ነው። ኤችአይቪ ራሱ የኩላሊትን ወንፊት በፍጥነት የሚያፈርስበት በሽታ አለ፤ በምዕራብ አፍሪካውያንና በጥቁር አሜሪካውያን ላይ በብዛት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2006 እስራኤል ውስጥ ከቫይረሱ ጋር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገ ጥናት ግን ይህ በሽታ አልተገኘም። ምክንያቱ ከአራት ዓመት በኋላ ተገለጠ፦ ለበሽታው የሚያጋልጡት አፖል-ዋን በሚባል ዘረመል ላይ ያሉ ለውጦች ናቸው፤ በምዕራብ አፍሪካ የተስፋፉት ከእንቅልፍ በሽታ ስለሚከላከሉ ነው። ኢትዮጵያውያን ላይ ግን የሉም ማለት ይቻላል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ግን አንድ ግዴታ ያመጣል። የወሎ ታካሚ ኩላሊት ሲዳከም «ቫይረሱ ነው» ብሎ መዝጋት አይቻልም። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ቴኖፎቪር፣ ዲክሎ፣ ኢንፌክሽን እየተባለ አንድ በአንድ መፈለግ አለበት። አብዛኞቹ ደግሞ ቶሎ ከተገኙ ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው።

እንዴት ይገኛሉ? የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራ ለወረዳ የሚሆን አይደለም፤ ውድ ነው፣ ውጤቱም ብዙ ጊዜ ሕክምናውን አይለውጥም። የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። የደም ግፊት መለኪያው ያለ ነው። ክሪያቲኒን የወንፊቱን ጤና ያሳያል። የሽንት ስትሪፑ የቃራሚውን ነገር ይናገራል፦ የደም ስኳሩ ደህና የሆነ ሰው ሽንቱ ውስጥ ስኳር ከተገኘ ቱቦው መልቀም አቅቶታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ክሪያቲኒን ከመነሳቱ በፊት እንኳ። ስትሪፑን ሽንት ውስጥ ነክሮ ቀለሙን ማንበብ የደቂቃ ሥራ ነው። ነርስ ልታደርገው ትችላለች።

ክሪያቲኒን ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዶሉቴግራቪር በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ክሪያቲኒን ትንሽ ከፍ ይላል፤ ኩላሊቱ ተጎድቶ ሳይሆን መድኃኒቱ ክሪያቲኒን በቱቦው በኩል እንዳይወጣ ስለሚከለክል ነው። ኮትሪሞክሳዞልም እንዲሁ ያደርጋል። ይህን ያልተነገረው ባለሙያ ደንግጦ ጥሩ መድኃኒት ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የሚያስፈልገው የታካሚው የቀድሞ ቁጥር ነው።

የቀድሞ ቁጥር ደግሞ ካርድ ላይ ነው ያለው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ውጫሌ፣ ሐይቅና ደሴ ሲደርስ በወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ማሽን ተነቀለ፣ መዝገብ ተበተነ። መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ግጭት መንገዱን እንደገና አስቸጋሪ አደረገው። ካርዱ የጠፋበት ሰው መድኃኒቱ ሊተካለት ይችላል፤ የአምስት ዓመት የክሪያቲኒን ቁጥሩን ግን ማንም አይመልስለትም። አዲስ መነሻ ቁጥር ይያዝለት ማለት በዚህ አካባቢ ከሌላው ይልቅ የሚያስፈልግ ነው።

«የዓለም ጤና ድርጅት እኮ ያለ ላቦራቶሪ ቴኖፎቪር ይሰጥ ብሏል» የሚል መከራከሪያ አለ። ብሏል፤ ልክም ነበር። ክሪያቲኒን የለም ተብሎ ሰው ያለ መድኃኒት እንዳይሞት የተሰጠ ፈቃድ ነው። ያው ድርጅት ግን ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የቆየ የኩላሊት ችግር ያለባቸውን መከታተል እንደሚገባ፣ የሽንት ስትሪፕም እንደሚጠቅም ጽፏል። ለችግር ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ ልማድ ሲሆን «ሪኤጀንት የለም» የሚለው መልስ ማንንም አያስደነግጥም። በየገጠሩ የምንሰማው ይኸው ነው።

ዘመኑም ተቀይሯል። ነፃው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የነበረው ጥያቄ ሰው እስከ ዓመት ይደርሳል ወይ ነበር። ያኔ 35 ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ 55 አልፏል። ቫይረሱ በደሙ አይታይም፤ ግፊቱና ስኳሩ ግን መጥተዋል። የዓለም ግብ የሆነው 95-95-95 መመርመርን፣ መድኃኒት መጀመርንና ቫይረሱ መውረዱን ይቆጥራል፤ ኩላሊት በውስጡ የለም። ሪፖርት ላይ ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ ሥራ በበዛበት ክሊኒክ ውስጥ ተራ አይደርሰውም።

የስድስት ወር ቀጠሮውም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ደህና የሆነ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት ይዞ መሄዱ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ በተለይ ከአምባሰል ተራራ ወርዶ ለሚመጣ፣ ወይም ሰው እንዳያየው ብሎ ክትትሉን ወደ ሌላ ከተማ ላዞረ። ይህ ዝግጅት መነካት የለበትም። ነገር ግን ሰውየው ክሊኒኩን የሚረግጠው በዓመት ሁለቴ ከሆነ ከእነዚያ ሁለት ቀናት አንዱ እንኳ ያለ ሽንት ምርመራና ያለ ግፊት ልኬት ማለፍ የለበትም።

ገንዘቡስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ርዳታ ሲቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ከ5 ሺህ በላይ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰረዘው «ትርፍ» የሚመስለው ነው፤ የሽንት ስትሪፕ ደግሞ ትርፍ ይመስላል። የማይመስለው ሰው የኩላሊት እጥበትን ሒሳብ ይሥራ፦ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ ዕድሜ ልክ፣ ከትራንስፖርትና ከአስታማሚ ጋር፣ ለገበሬ ቤተሰብ። በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቢጀመርም ለአምባሰል ሰው ያ መንገድ እጅግ ሩቅ ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ መባል አለበት። ይህን ያነበበ ታካሚ ቴኖፎቪርን ፈርቶ ክኒኑን እንዳይጥል። ያለ መድኃኒት የሚባዛ ቫይረስ ከቴኖፎቪር ይልቅ ሰውን ይጎዳል፤ ለኩላሊትም ቢሆን። ቴኖፎቪር የጉበት ቫይረስ ቢንም ስለሚይዝ ሁለቱም ያለበት ሰው በድንገት ቢያቆመው ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል። ኩላሊቱ በእውነት የተዳከመ ሰው ሐኪም እንደ አባካቪር ያለ ሌላ ምርጫ አለው፤ ለውጡም በሐኪም እጅ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ ከታየ በኋላ ነው የሚደረገው።

ለእኚያ እናት ከቀጠሯቸው ቀን በፊት ሊዘጋጅላቸው የሚገባው ብዙ አይደለም። ሽንት የሚሰጡበት ንጹሕ ዕቃ፣ በር ያለው ሽንት ቤት፣ ጊዜው ያላለፈበት አንድ ብልቃጥ ስትሪፕ፣ ስለ ዲክሎው የምትጠይቃቸው ነርስ። ሐይቅ ያለበት የተሁለደሬና የአምባሰል ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የዓመቱን የግዥ ዝርዝር ሲያወጡ ይህች ብልቃጥ በዝርዝሩ ላይ መኖር አለመኖሯን መጠየቅ የሚችሉ የምክር ቤት አባላት አሉ፤ የታካሚዎች ማኅበራትም አሉ። ጥያቄው ዝርዝሩ ከመፈረሙ በፊት ቢነሳ ይሻላል።